ሲስተር ለምለም ጎማ የቀየረችበት ቀን፦ ከቦሌ እስከ ለሚ

ንጋት 12 ሰዓት፣ ቦሌ

ፀሐይ ሳትወጣ ከግቢያችን ወጣን። መኪናዋን የምትነዳው ታላቅ እህቴ ለምለም ናት። እኔ ቦሌ አንድ የጉዞ ወኪል ቢሮ ውስጥ ትኬት እቆርጣለሁ፤ ሰውን ሩቅ አገር እልካለሁ እንጂ ራሴ ብዙም አልሄድም። ዛሬ ግን የዕረፍት ቀኔ ስለሆነ አብሬያት ልዋል ብዬ ነው።

ለምለም አዋላጅ ነርስ ናት። የምትሠራው ከሲኤምሲ ወዲያ፣ ለሚ በሚባለው የገበሬ አገር ባለች አንዲት ትንሽ ጤና ጣቢያ ነው። ጤና ጣቢያዋ አምቡላንስ የላትም። ምጥ የጠናባትን ሴት ሆስፒታል የምታደርሰው በዚህችው ባለ ሁለት በር አረንጓዴ መኪናዋ ነው፤ ወደ አገሩ ከሚመለስ እንግሊዛዊ የገዛቻት ናት።

የመኪናዋ ጎማዎች እንደ ሌላው አይደሉም። አየራቸው ቢወጣም ይሄዳሉ። ባለፈው ክረምት ወላድ ይዛ ስትመጣ አንዱ በድንጋይ ተበስቶባት፣ ሳትቆም ሆስፒታል ደርሳለች። ከዚያ ወዲህ ጎማዎቹን እንደ ሰው ነው የምታመሰግናቸው። አሁን ግን አርጅተዋል፤ ጥርሳቸው አልቋል፤ ምትካቸው በአገሩ የለም። የኋላው ግራ ጎማ ትናንት ተነፈሰ፤ ዛሬም መኪናዋ በዚያው እያነከሰች ነው የምትሄደው። የመኪናዋን ዓይነት ተናግራ የገዛቻቸው አራት ተራ ጎማዎች ከኋላ ወንበር ላይ ተደርድረዋል።

ጠዋት 1፡30፣ አሁንም ቦሌ

ከአስፋልቱ ዳር ያለው ጎሚስታ ትልቅ ነው፤ ጎማ የሚፈታበት ማሽን አለው። ሠራተኛው አሮጌውን ጎማ በስንት ትግል አወጣና አዲሱን በብረቱ ክብ፣ በቸርኬው ላይ ሊያስገባ ሞከረ። ጠርዙ አልቀመጥ አለው።

“በጉልበት ከተመታ ይገባል” አለ መዶሻውን እያነሳ።

“ይይዛል?” አለችው ለምለም።

“አየር ሲሞላ ራሱ ይይዛል።”

ለምለም ሰዓቷን አየች። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጤና ጣቢያው መድረስ አለባት። እሺ ልትል ነበር፤ አፏ ተከፍቶ አይቻለሁ። ከዚያ “ይቅር፣ እንደነበረ መልስልኝ” አለችው። ለምን እንደተወችው ስጠይቃት፣ “‘ራሱ ይይዛል’ ሲል ዓይኔን አላየኝም” አለችኝ።

ጠዋት 3 ሰዓት፣ ጉርድ ሾላ

መገናኛ ላይ ከታክሲ ረዳቶች ጩኸት መሀል ቆመን ፉል በላን፤ ቃሪያው ያስለቅሳል። አንድ የታክሲ ሹፌር መኪናችንን ዞሮ አየና፣ “ጉርድ ሾላ ጋሽ ሸምሱ ጋ ሂዱ፤ እሳቸው ያላወቁትን ማንም አያውቀውም” አለን።

ጋሽ ሸምሱ ቀጭን፣ ሽበታም ሰው ናቸው። ሱቃቸው የቆርቆሮ ክፍል ሆኖ በሩ ላይ አሮጌ ጎማዎች ተቆልለዋል። ማሽን የላቸውም። ቸርኬውን በጣታቸው ዙሪያውን ዳበሱት፤ ከዚያ በክር ለኩት፤ አዲሱንም ጎማ ለኩ። ደግመው ሁለቱንም ለኩ።

“ልጄ፣ ይሄ ቸርኬ ለዚያ ለአሮጌው ጎማ ብቻ የተሠራ ነው” አሏት። “ተራ ጎማ በግድ ባስገባልሽ፣ ኩርባ ላይ ከቸርኬው ይወጣል። አልሠራልሽም።”

“ታዲያ ምን ይሻለኛል?”

“ጎማው ብቻ ሳይሆን ቸርኬውም ይቀየራል። ያንቺ ዓይነት መኪና፣ ተራ ቸርኬ ያላት፣ ኮተቤ አንድ ግቢ ውስጥ ቆማለች። ባለቤትየው ሞተዋል። ሚስታቸውን አውቃቸዋለሁ።”

እና ሱቃቸውን ቆለፉ። ሁለት ደንበኞች ደጃፉ ላይ ቆመው ነበር። “ይቺ ሴት ወላድ የምታመላልስ ናት፤ ከሰዓት ኑ” አሏቸውና እኔን ወደ ኋላ፣ ከጎማዎቹ ጋር ልከው ከፊት ተቀመጡ።

4 ሰዓት፣ ኮተቤ

ወደ መገናኛ ተመልሰን የኮተቤን ዳገት ወጣን። ባዶው ጎማ ከበታቼ እየተንገጫገጨ ነው። በግራ በቀኝ ባሕር ዛፍ፣ የድንጋይ አጥር፣ ደሴ የሚሉ አውቶቡሶች።

የሟቹ ሚስት ወይዘሮ አስካለ ጥቁር ለብሰዋል። የባለቤታቸው መኪና ከግቢው ጥግ ሸራ ለብሳ ቆማለች፤ ነጭ ናት፣ ከእህቴ መኪና ጋር አንድ ዓይነት። ጋሽ ሸምሱ ጉዳዩን ጀምረው ሳይጨርሱ ሴትየዋ ራሳቸውን ነቀነቁ።

“ሸምሱ፣ አክባሪህ ነኝ፤ ይሄን ግን አትጠይቀኝ። ባለቤቴ እዚህ አቆማት። እሱ እንዳቆማት ነው የማኖራት።”

ለምለም አልለመነቻቸውም። ደረጃው ላይ ተቀምጣ የክረምቱን ነገር ነገረቻቸው፦ ጎማው እንዴት እንደተነፈሰ፣ ወላዷ ከኋላ ወንበር ላይ ሆና ደም እየፈሰሳት እንደነበር፣ መሀል መንገድ ላይ ቆመው ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር።

“ተረፈች?” አሉ ወይዘሮ አስካለ።

“ተረፈች፣ እማማ። ልጁም።”

ሴትየዋ ተነሥተው ሸራውን ገለጡት። የመስኮቱን አቧራ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ፤ ብዙ ጠረጉት።

“ጎማው ከነቸርኬው አምስት ነው” አሉ በመጨረሻ። “አምስተኛው ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ነው፤ መለዋወጫ ነው። ሁሉንም ውሰጂ። ግን አዘንብላችሁ አትተዉብኝ። ቀጥ ብላ ትቁም።”

ጋሽ ሸምሱ መኪናዋን በክሪክ እያነሱ ጎማዎቹን ፈቱና በየቦታቸው ብሎኬት አስቀመጡ። ያበቃ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ውኃ በሳህን አስመጥተው ጣሪያው ላይ አስቀመጡና ውኃው ወዴት እንደሚያዘነብል አዩ። አንዱን ብሎኬት አውጥተው ሥሩን በጠፍጣፋ ድንጋይ ደለደሉ። እንደገና ውኃውን አዩ። አንድ ሰዓት ሙሉ ፈጀ። ለምለም ሰዓቷን ሁለቴ አየች፤ ግን “ይበቃል” አላለችም። እኔም በሰው ሥራ እንዲህ የቀናሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

6 ሰዓት፣ ጉርድ ሾላ

አዲሶቹ ጎማዎች በአዲሶቹ ቸርኬዎች ላይ ልክክ ብለው ተቀመጡ። ለመለዋወጫው ቸርኬ ከወይዘሮ አስካለ ከመጡት አሮጌ ጎማዎች ደህናውን መረጡለት። ጋሽ ሸምሱ እያንዳንዱን ጎማ ውኃ ውስጥ ነክረው አረፋ እንደሌለው አረጋገጡ። የመጨረሻውን ብሎን ካጠበቁ በኋላ ክሪኩንና የብሎን ቁልፉን ለእህቴ ሰጧት።

“አሁን አንቺ ፍቺው።”

“እኔ?”

“እስከ ዛሬ አየሩ ቢወጣም ትሄጂ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ግን ትቆሚያለሽ። መቀየሩን ሳትማሪ አልለቅሽም።”

ፈታች፤ ገጠመች። መጀመሪያ ብሎኑ አልላቀቅ ብሏት ቁልፉ ላይ ቆመችበት። ሦስተኛ ጊዜ ስትቀይር ግን የሱቁ ደንበኞች ሥራቸውን ትተው ያዩዋት ጀመር። እኔን “አንተስ?” ሲሉኝ ነጭ ሸሚዜን አየሁ። ጋሽ ሸምሱም አዩትና ወደ እህቴ ተመለሱ።

9 ሰዓት፣ ለሚ

ከሲኤምሲ በኋላ አስፋልቱ ያበቃል። ሁለቱም ወገን የጤፍ ማሳ ነው። መኪናዋ እንደ ጠዋቱ አትንገጫገጭም፤ ለስላሳ ሆናለች። እህቴ ግን ለስላሳነቱ አልተመቻትም። ድንጋይ ባየች ቁጥር ፍሬን ትይዛለች። “ድሮ ድንጋይ አላይም ነበር” አለች።

ጤና ጣቢያው በር ላይ ቱሉ የሚባል ወጣት ገበሬ ቆሟል። ሚስቱ ጫልቱ ከትናንት ማታ ጀምሮ ምጥ ላይ ናት። ለምለም ገብታ መረመረቻትና ወዲያው ወጣች።

“ልጁ በጎን ነው የመጣው። ሆስፒታል ነው የምንሄደው፣ አሁኑኑ።”

ጫልቱን ከኋላ ባሏ ጭን ላይ አስደገፍናት። እህቴ ቀስ ብላ ነው የምትነዳው፤ እጆቿ መሪው ላይ ደርቀዋል።

“ሲስተር፣ ትንሽ ፍጠኚልን” አለ ቱሉ። ድምፁ የሚሰማው በጭንቅ ነው።

ለምለም ለእኔ እንዲህ አለችኝ፦ “መሬቱን አንተ እይልኝ። ድንጋይ ስታይ ግራ፣ ቀኝ በለኝ። እኔ ሩቁን ልይ።”

“ቀኝ” አልኩ። ነዳች። “ግራ። ግራ። ቀኝ።” ጫልቱ ስትጮህ ድምፄን ከፍ አደረግኩ። ያን የጠጠር መንገድ አንድ በአንድ ቆጥሬ ያሻገርኩት ያህል ይሰማኛል። አስፋልቱ ላይ ስንወጣ እህቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነፈሰች፤ ከዚያ በኋላ ማንም ፍጠኚ አላላትም።

11፡30፣ ሆስፒታል

ቱሉና እኔ ግድግዳ ተደግፈን ቆመናል። ለምለም በኮሪደሩ መጨረሻ ብቅ አለች፤ ጋወኗ ላይ ደም አለ።

“በቀዶ ሕክምና ነው የወለደችው። ሴት ናት። ሁለቱም ደህና ናቸው።”

ቱሉ መሬት ላይ ቁጭ አለ። አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ ሸሚዜ ትዝም አላለኝ።

ወደ ቤት

ቤታችን በቦሌ በኩል ነው። እህቴ ግን በመገናኛ በኩል ወደ ጉርድ ሾላ ታጠፈች። ጋሽ ሸምሱ ሱቃቸውን ሊዘጉ ሲሉ ደረስን። መኪናዋን ሲያዩ በቀጥታ ወደ ጎማዎቹ አጎነበሱ።

“የቱ ነው የተነፈሰው?”

“አንዱም” አለች ለምለም። “ዛሬ አንዲት ልጅ ተወለደች። እሱን ልነግርዎት ነው የመጣሁት።”

ቀና አሉ። “እናቲቱስ?”

“ደህና ናት።”

“አልሐምዱሊላህ።” እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ፤ የቆርቆሮውን በር ቆለፉ፤ ኮታቸውን ደርበው ከኋላ ወንበር ገቡ።

“አስካለ ሳትሰማ ማደር የለባትም” አሉ።

እህቴ መኪናዋን ወደ ኮተቤ አዞረች።