ሦስት እማኝ በበረዶ ቀን

ልጅ ሳለሁ የሰማኋቸው ተረቶች ሁሉ የሚያልቁት ፍርድ ቤት ነበር። የጓደኞቼ አያቶች ስለ ጦጣ ብልጠትና ስለ ጅብ ሞኝነት ሲያወሩ፣ የእኛ ቤት ጅብ መጥሪያ ይደርሰው ነበር፣ ጦጣዋ ዋስ ትጠራ ነበር፣ አንበሳውም መዝገብ እያገላበጠ ቀጠሮ ይሰጥ ነበር። ተረቱን የሚነግሩኝ የአባቴ አክስት እቴቴ ናቸው። አባቴን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያሳደጉት እርሳቸው ነበሩና፣ ሲያትል ውስጥ ቢከን ሂል ጫፍ ላይ በነበረችው አፓርታማችን ከሁለቱ መኝታ ቤቶች አንዷ የእርሳቸውና የእኔ ነበረች።

እሳት አልነበረንም። ጭስ ቢኖረንማ ኮርኒሱ ላይ የተለጠፈው ደወል ጎረቤቱን ሁሉ ያስወጣብን ነበር። የነበረን አባቴ ከሥራ ባልደረባው የተቀበላት አንዲት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ናት፤ ያኔ በብርዱ ወራት፣ ከራት በኋላ ሽቦዋ ግሎ ሲቀላ፣ እቴቴ አምፖሉን ያስጠፉኝና «ፍም ባለበት ቤት መብራት ለማን ነው» እያሉ እግራቸውን ወደ እርሷ ይዘረጋሉ፤ የተሰነጠቀው ተረከዛቸውና ግድግዳው ላይ የሚወዛወዘው የነጠላቸው ጥላ አሁንም ዓይኔ ላይ አለ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ችሎቱ ተሰይሟል» ይላሉ። እኔ ትምህርት ቤት ስም ሲጠራ እንደምለው በእንግሊዝኛ «ሂር» እላለሁ። እርሳቸው ዝም። እኔም ዝም። እልኸኛ ነበርኩ፣ ግን ከእቴቴ ጋር እልህ ተጋብቶ ያሸነፈ ሰው አላውቅም፤ በመጨረሻ «ቀርቤአለሁ» ስል ብቻ ተረቱ ይጀመራል።

ከሁሉ የሚወዱት የኤሊን ክስ ነበር። ኤሊ ከአያቷ የወረሰችውን ምንጭ ጅብ ይቀማትና አንበሳ ዘንድ ትከሰዋለች። በቀጠሮው ዋዜማ ዝናብ ይወርዳል፣ ወንዙ ይሞላል። አውሬው ሁሉ «ቅሪ፣ አንበሳ ይረዳልሻል» ይላታል። ኤሊ ግን ትነሣለች፤ በመንገድ ያገኘችውንም ሁሉ እያስቆመች «በዚህ ቀን፣ በዚህ ቦታ፣ ወደ ችሎት ስሄድ አይተኸኛል?» ብላ ትጠይቃለች። ሦስት ቀን ዘግይታ ስትደርስ ጅብ አስፈርዶ ምንጩ ዳር ተጋድሟል። ኤሊ ሦስት እማኞቿን ታቆማለች፣ አንበሳም ፍርዱን ይገለብጣል። ሦስት መሆን አለባቸው፣ ከሦስቱም አንዱ እንኳ ዘመድ መሆን የለበትም፤ እዚህ ላይ እቴቴ ቀልድ አያውቁም። እኔ ግን ኤሊ ጅቡን ለምን አልነከሰችውም እያልኩ እነዘንዛቸው ነበር። «ንክሻ ይግባኝ የለውም» ይሉኛል።

አሥር ዓመቴ ላይ፣ ባቡሩ ገና ቢከን ሂል ሳይገባና ሁላችንም በባስ ብቻ በምንሄድበት ዘመን፣ እቴቴ ለዜግነት ቃለ መጠይቅ ተጠሩ። የመጀመሪያው ቀጠሮ በሳንባ ምች ተኝተው አልፏቸዋል። ሁለተኛው ደብዳቤ ሲመጣ ያነበብኩላቸው እኔ ነበርኩ፤ አሁንም ካልቀረቡ ማመልከቻው ይዘጋል ይላል። እቴቴ ዜግነቱን የፈለጉት ለሰንደቅ ዓላማው አልነበረም። ደብረ ብርሃን የቀረች ፀዳለ የምትባል አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ፀዳለ ባለትዳር ስለሆነች ሊያመጧት የሚችሉት ዜጋ ከሆኑ ብቻ ነው ተባሉ። ስለዚህ ማታ ማታ ማሞቂያዋ ዳር መጀመሪያ እኔ ጥያቄና መልሱን በእንግሊዝኛ አስጠናቸዋለሁ፣ ከዚያ እርሳቸው በተራቸው ችሎቱን ይሰይማሉ።

የቀጠሮው ዕለት ጠዋት ከተማው ድምፅ አልነበረውም። በረዶው ሌሊቱን ወርዶ መንገዱንና የእግረኛውን መሄጃ አንድ አድርጎታል፤ የቆሙት መኪኖች የማን እንደሆኑ አይለዩም። ሲያትል በኮረብታ ላይ ተሠርታ በረዶ በመጣ ቁጥር እንግዳ የመጣባት የምትመስል ከተማ ናት፤ ትንሽ ሲበዛ ሁሉም ነገር ይቆማል። ትምህርት ቤት ተዘግቷል። የሰፈሩ ልጆች የመጋገሪያ ትሪ ላይ ተቀምጠው ቁልቁለቱን እየተንሸራተቱ ነው፤ እኔም የእናቴን ትሪ መርጬ አስቀምጬ ነበር። ታክሲ የሚነዳው አባቴ ከማታ ጀምሮ ኤርፖርት አካባቢ ቀርቷል፣ ሆስፒታል የምትሠራው እናቴም ተተኪዋ ስላልመጣች ከሥራ አልወጣችም። ስልክ ደወለች።

«ባስ የለም፣ ሁሉም ነገር ካንስል ሆኗል» አለችኝ። «ሶ ቢሮው ኮል አድርጊና ሪስኬጁል አድርጉልን በያቸው። እንዳትወጡ፣ ኦኬ?»

ደወልኩ። የተቀዳ ድምፅ ቁጥር ያስነካኛል፣ ከዚያ ሙዚቃ፣ ከዚያ እንደገና ቁጥር። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደያዝኩ እቴቴ ስልኩን ከእጄ ወስደው ዘጉት።

«ስልክ እማኝ አይሆንም» አሉ። «ጫማሽን አድርጊ።»

የአባቴን ካፖርት ለበሱ፣ በላዩ ነጠላቸውን አጣፉ፣ ሁለታችንም ካልሲያችን ላይ ፌስታል አሰርን። ፌርማታችን ላይ በበረዶ ቀን ባሱ ኮረብታውን እንደማይወጣ የሚገልጽ ወረቀት ተለጥፏል። አነበብኩላቸው። ባሱ ካልወጣ እኛ እንወርዳለን አሉና የሰዉን አጥር እየያዙ ቁልቁለቱን ጀመሩት። አንዲት የክፍሌ ልጅ በትሪዋ እየተንሸራተተች ስታልፍ ስሜን ጠራችኝ፤ ያልሰማሁ መሰልኩ። ነጠላ በካፖርት የደረቡ አሮጊት ደግፌ፣ ከጫማዬ አፍ ፌስታል ብቅ ብሎ፣ ያኔ የማፍርበት ነገር ሞልቶኝ ነበር።

ታች ዋናው መንገድ ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆምን። በመጨረሻ ጎማው ላይ ሰንሰለት የታሰረ፣ መሐሉ የሚታጠፍ ረጅም ባስ እየተንቋቋ መጣና ወደ ደቡብ ወሰደን። ቢሮው ያለው ቱክዊላ ነው። ቱክዊላ ለመድረስ ጥቂት ሲቀረን አንድ ቁልቁለት ላይ የባሱ የኋላ ግማሽ የፊተኛውን ልቅደም አለ፤ ባሱ ታጥፎ መንገዱን ዘግቶ ቆመ። ማንም አልተጎዳም። ሾፌሯ፣ ፀጉሯ የሸበተ ትልቅ ሴት፣ ከዚህ ወዲያ እንደማይሄድ ነገረችንና በሩን ከፈተች።

እቴቴ አልወረዱም። የቀጠሮውን ደብዳቤ ከቦርሳቸው አውጥተው በጀርባው ገለበጡትና ሾፌሯ እዚህ እንዳየቻቸው ጽፋ እንድትፈርምላቸው ጠይቂልኝ አሉኝ። ሰው ሁሉ ወደ በሩ ይጋፋል። እኔ ወደ ሾፌሯ ጠጋ ብዬ በእንግሊዝኛ አመሰገንኳትና ተመልሼ አይሆንም ብላለች አልኳቸው።

እቴቴ ፊቴን ትክ ብለው አዩት። «እንግሊዝኛ ባላውቅ ፊት አውቃለሁ» አሉ። «አልጠየቅሻትም።»

ከዚያ እዚያው፣ የሰዉን ግፊያ ወንበር ይዘው እየተከላከሉ፣ እስከዚያ ቀን ነግረውኝ የማያውቁትን ነገሩኝ። ባላቸው ሲሞት የባላቸው ወንድም መሬታቸውን ወሰደባቸው። ሰባት ዓመት ተሟገቱት፤ የአውራጃው ፍርድ ቤት የአንድ ቀን መንገድ ነበር፣ ሁልጊዜም በእግራቸው ይሄዱ ነበር። ለመጨረሻው ቀጠሮ ሲወጡ ወንዙ ሞላ። ሁለት ቀን ዳር ተቀምጠው ጠብቀው ሲደርሱ በሌሉበት ተፈርዷል። ወንዝ ይዞኝ ነው ቢሉ ዳኛው ማን አየሽ አላቸው። ማንም አላያቸውም፤ ብቻቸውን ነበሩ።

«በተረቱ ኤሊ ረታች» አሉኝ። «እኔ ግን ተረታሁ።»

ስንት ምሽት ስለዚያች ኤሊ ሰምቼ፣ እየሰለቸኝ ስንት ጊዜ አዛግቼ ነበር። ኤሊዋ አጠገቤ ስትተኛ እንደኖረች ያን ጊዜ ገባኝ። አፈርኩ፤ የዚህኛው ሐፍረት ግን ከፌስታሉ ሐፍረት ጋር አይገናኝም። ሾፌሯን ሄጄ ጠየቅኋት። መጀመሪያ ወደ ሌላ ባስ መቀየሪያ ቲኬት የምንፈልግ መስሏት ልትሰጠን ነበር። ደግሜ ሳስረዳት ሳቀች፣ ከዚያ እቴቴን አየችና ሳቋን አቆመች፤ ጓንቷን አውልቃ ስሟን፣ የባሱን ቁጥር፣ ሰዓቱን፣ ሁለታችን ወደ ቀጠሮ እየሄድን እንደነበር ጻፈችልን። ለፍርድ ቤት ነው ወይ ብላ ስትጠይቀኝ ገና አይደለም አልኳት።

የቀረውን መንገድ በመጋዘኖቹ መሐል በእግራችን ሄድነው። እቴቴ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እያሉ፣ እኔ እንቁላል በረዶ ላይ ሄዶ አያውቅም እያልኩ፣ ከቀጠሮው ሃያ ደቂቃ ቀድመን ደረስን። በሩ ተቆልፏል። መስታወቱ ላይ በአየሩ ጠባይ ምክንያት ዛሬ ዝግ ነው የሚል ወረቀት ተለጥፏል። አነበብኩትና ማልቀስ ጀመርኩ።

«ምን ይላል?»

«ዝግ ነው። ዛሬ የሉም።»

«እኛ ቀርተናል?»

«አልቀረንም።»

«እንግዲያው የቀሩት ያልቅሱ።»

ግቢውን የሚጠርግ አንድ ወጣት በረዶ መግፊያ በተገጠመለት መኪናው ወዲህና ወዲያ ይላል። እቴቴ ምንም ሳይሉኝ እኔ ሮጬ አስቆምኩት። የዚህን ጊዜ ቃላቱን አልዋጥኩም፤ የመጣነው ከየት እንደሆነ፣ በምን እንደመጣን፣ ወንዙን ሳይቀር ነገርኩት። ወንዙ የት እንዳለ ግራ ቢገባውም ደብዳቤውን የመኪናው አፍንጫ ላይ አድርጎ ፈረመ።

ሦስተኛ ሰው ግን አልነበረም። ጠበቅን። መንገዱ ላይ ዝር የሚል የለም፣ የእቴቴ ከንፈር መጥቆር ጀምሯል። እኔ ልፈርም አልኩ፤ ወዲያው ግን ራሴው ዘመድ እማኝ አይሆንም አልኳቸው፣ ተረቱን በቃሌ ስለማውቀው።

«ማን ከለከለ?» አሉኝ።

«እርስዎ ነዎት።»

«ከልክዬ ነበር። ዳኛው ዛሬ ስለቀረ እኔ ፈቅጃለሁ። ግን እኔ በማነበው ፊደል ይሁን።»

ያኔ አማርኛ የማውቀው ለመስማት ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን የለቀምኩት ፊደል ስሜን ለመጻፍ እንኳ በጭንቅ ይበቃኛል። በደነዘዘ እጄ ቤተልሔም ብዬ ጻፍኩ። ስም ብቻ አይመሰክርም፣ ያየሽውን ጨምሪበት አሉ። ሙሉ ዐረፍተ ነገር ከየት ላምጣ? ከስሜ ሥር አንዲት ቃል ብቻ ጨመርኩ። እቴቴ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየቆጠሩ አነበቧት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ወረቀቱን አጥፈው ደረታቸው ውስጥ ከተቱት። ወጣቱ በመኪናው እስከ ኮረብታችን ግርጌ አደረሰን፤ ሽቅቡን በእግራችን ወጣን።

እናቴ ስትሰማ አበደች። የዚያን ቀን ለተቀጠረ ሰው ሁሉ ሌላ ቀን መሰጠቱ አይቀርም ነበር፣ ልጅቱን በብርድ ሊገድሏት ነው ወይ ብላ ቀኑን ሙሉ ተነጫነጨች። እውነቷን ነው፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሌላ ቀጠሮ በፖስታ መጣ። እቴቴ ገብተው ጥያቄውን መለሱ፣ አለፉም። መጨረሻ ላይ ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ጠያቂው፣ ልጅ እግር ሰውዬ፣ አያስፈልግም እማማ፣ ማንም ቀሩ አላለዎትም አላቸው አሉ። እቴቴ ግን እኔ ያላስጠናኋቸውን እንግሊዝኛ ከየት እንዳመጡት እንጃ፣ ጣታቸውን መዝገቡ ላይ አድርገው «ፑት ኢን ፋይል» አሉት። ሰውየው ትከሻውን ነቀነቀና አያያዘው።

ፀዳለ ከዓመታት በኋላ መጣች፤ እቴቴ ኤርፖርት ድረስ ሄደው በእጃቸው ተቀበሏት። አሁን እርሳቸው የሉም። ማሞቂያዋም ሽቦዋ ተበጥሶ ተጥላለች። እናቴ ዛሬም በረዶ ጥሎ ባስ በቆመ ቁጥር ያን ጉዟችንን ታነሣና ከንቱ ድካም ነበር ትለኛለች። እኔ አልስማማም፤ ወደፊትም አልስማማም። አንድ ሰው መምጣቱን ማንም ባይጠይቀውም መጥቻለሁ ብሎ ማስጻፍ መብቱ ነው፤ ይህን ከማንም መጽሐፍ አላገኘሁትም፣ ከቀላ ሽቦ ዳር ነው የሰማሁት። ከተረቶቹ ብዙውን ረስቻለሁ፣ ጅቡ መጨረሻ ላይ ምን እንደሆነ እንኳ አላስታውስም። ነገር ግን በዚህ አገር መንግሥት መዛግብት መሐል፣ አንድ መደርደሪያ ላይ፣ ከአንዲት የባስ ሾፌርና ከአንድ በረዶ ጠራጊ ፊርማ በታች፣ በተንጋደደ የአሥር ዓመት ልጅ ፊደል የተጻፈች፣ እዚያ ከሚሠሩት ምናልባት አንድም ሰው የማያነባት ቃል አለች።

«ቀርበናል።»