ሾተላይ ነው ሲሉኝ ያመንኩት

ባለፈው ዓርብ እዚህ ኩዌት፣ ኸይጣን በሚባለው ሰፈር እኔ ቤት ሰብሰብ ብለን ነበር። ጎረቤቴ የሁለት ወር ልጇን ለአንዲት አዲስ መጤ የአገሬ ልጅ «እስቲ ያዢልኝ» ብትላት፣ ልጅቱ እጇን ወደ ኋላ ደበቀች። «እትዬ፣ እኔኮ ሾተላይ አለብኝ» አለችኝ በጆሮዬ። ሳቄ መጣ፤ ከሳቁ ጋር እንባዬም መጣ። በወጣትነቴ እኔም እንዲሁ ነበርኩ።

የተዳርኩት ወሎ ገጠር ነው። ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ ሁለት ጽንስ ወረደብኝ። ባሌ እጁ ለዱላ ይፈጥን ነበር፤ ወጥ ቀጠነ ብሎ ይመታል፣ ውሃ ወርጄ ቆየሁ ብሎ ይመታል። ጽንሱ ሲወርድ ግን አገሩ ሁሉ «ሾተላይ ነው» አለ፤ እኔም አመንኩ። ክታብ አሰሩልኝ። እሱ ፈቶኝ ሌላ አገባ፤ እኔ ኩዌት መጣሁ።

ማንጋፍ የሚባል ሰፈር የተቀጠርኩላት ግብጻዊት ማዳም የአምስት ወር እርጉዝ ሆና ቆየችኝ። ጉድ ፈላ! ሾተላይ ያለባት ሴት እርጉዝ ከቀረበች ጽንሱ አይረጋም ሲባል ነው ያደግሁት። ስለዚህ የምትወደውን ሞሎኪያ፣ ያንን ነጭ ሽንኩርት የሚሸት የቅጠል ወጥ፣ በሩ ሥር አስቀምጬ እሮጣለሁ። ጥላዬ እንዳያርፍባት ብዬ በዚያ በሐምሌ ንዳድ በረንዳ ላይ እቀመጣለሁ። አይ ሞኝነት! ማዳም መጀመሪያ ሳቀች፣ ኋላ ተቆጣች፤ በመጨረሻ ተላላፊ በሽታ ይዟታል ብላ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ።

ሐኪሟ እንደ አገሬ ሴት ሂና የሞቀች ሱዳናዊት ነበረች። ደሜን መርምራ «ጤነኛ ነሽ» አለችኝ። በሰባራ ዐረብኛዬ የሾተላዬን ነገር አስረዳኋት።

«ጽንሱ የወረደው ምን ሆነሽ ነው?»

«የመጀመሪያው ባሌ ሆዴን በእርግጫ ባለኝ ማግስት። ሁለተኛው ወገቤን በዱላ የመታኝ ዕለት።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ታዲያ እህቴ፣ ልጆችሽን የገደለው ማን ነው?»

ወላሂ! ያን ያህል ሰው እንባዬን ሲጠርግ ይህን የጠየቀኝ አልነበረም። እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም፤ እንደዚያ ቀንም ቀልሎኝ አያውቅም። ስንመለስ ማዳም ደረጃውን ስትወጣ ክንዴን ያዘች፤ አልሸሸሁም። ስትወልድም ልጇን አጥቤ ያሳደግሁት እኔ ነኝ፤ ጩኸቱ ሕንጻውን የሚያናውጥ ወፍራም ወንድ!

ዓርብ ዕለት ይህንኑ ለልጅቱ አጫወትኳት። ወዲያው አላመነችኝም፤ እኔስ መቼ ቶሎ አመንኩ?

እዚሁ ሹፌር አግብቼ ሴት ልጅ ወልጃለሁ፤ ባሌ ድምፁን እንኳ ከፍ አያደርግብኝም፤ ኑሮዬ ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ስንት ልጅ ወለድሽ ሲሉኝ ድሮ አንድ እል ነበር። አሁን ሦስት ነው የምለው። ሁለቱን ዱላ ቀምቶኝ ነው እንጂ ልጆቼ ነበሩ።