ጥያቄ ምልክት ከነአባቱ

ታላቅ ወንድሜን ምቀኛ የሚል ሰው ከኔ ጋር ይጣላል። ምቀኛ የሰው እንዲጠፋ ይመኛል፤ ጋሼ እንዲያ አይደለም። ቀናተኛ ነው። የኔ ነው ያለውን ነገር ሌላ ሰው ሲነካበት ያመዋል። ልጆች ሳለን እናታችን የኔን ፀጉር ስትሠራ እሱ መሃላችን ገብቶ ይቀመጥ ነበር።

በምንሠራበት ሆስፒታል እኔ ካርድ ክፍል ነኝ፤ እሱ ደግሞ የታካሚው መረጃ ሁሉ የተቀመጠበት ሰርቨር ኃላፊ። ሰርቨሩ በውድ የተገዛ፣ ከአምራቹ ፕሮግራም በቀር ከማንም ጋር የማይነጋገር ኩሩ ነው፤ ፕሮግራሙ ያለው ደግሞ ጋሼ ኮምፒውተር ላይ ብቻ። ስለዚህ ሐኪሙም ሒሳብ ሹሙም የሆነ ነገር ማወቅ ሲፈልጉ የጋሼን ደጅ ይጠናሉ። እሱ ሻዩን ፉት እያለ ያስጠብቃቸዋል፤ ከዚያ ምሳ እንኳ አላስበላ አሉኝ ብሎ ያማርራል። ውሸቱን ነው፤ ሰው ካልመጣበት ያኮርፋል።

አዲስ የተቀጠረች የኮምፒውተር ባለሙያ በለመድነው ዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የተጫነበት ላፕቶፕ ይዛ መጣች። ጋሼ ይሄ ከኛ ሰርቨር ጋር አይግባባም ብሎ ለሥራ አስኪያጁ ምሎ ተገዝቶ ነገራቸው። ልጅቷ ከሰርቨሩ ጋር የሚያነጋግር፣ በነፃ የሚገኝ ማገናኛ ፕሮግራም ጫነች፤ ትእዛዝ በሚጻፍበት ጥቁር መስኮት ላይ የሰርቨሩን አድራሻና ጥያቄዋን ጻፈች፤ መልሱ እዚያው ጠረጴዛዋ ላይ ከተፍ አለ። የጋሼ ፊት አመድ መሰለ። ጠጋ ብሎ ሲያይ ግን ሳቀ። ዕድሜው ትክክል፣ የካርድ ቁጥሩ ትክክል፤ በፊደላችን የተጻፉት ስሞች ግን በሙሉ ከነአባታቸው ጥያቄ ምልክት ሆነው ቁጭ ብለዋል።

እንግዲህ ታካሚዎችሽን ጥያቄ ምልክት ጥያቄ ምልክት እያልሽ ተጣሪ አለኝ፤ ያን ቀን ሁላችንንም ሻይ ጋበዘ። ሥራ አስኪያጁም ስሞቹ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ካልተስተካከሉ በድሮው መንገድ እንቀጥላለን አሉ።

ጋሼ መድኃኒቱን ገና እንዳየው አውቆታል። ማገናኛው ፊደሉን በምን ዓይነት እንደሚቀበል አልተነገረውም፤ ማስተካከያ ፋይሉ ውስጥ ዩቲኤፍ-8 የምትል፣ የኛን ፊደል የምታስነብብ አንዲት መስመር ብትጨመር ያበቃል። ይህን የነገረኝ እናታችን ቤት እራት ላይ ነው። ታዲያ ንገራት አልኩት።

"ሞቼ ነው" አለ፣ አፉ እንደሞላ።

ልጅቷ ሲጨንቃት ለአንድ የኮምፒውተር ባለሙያ ደወለች። ሰውየው የጋሼ የትምህርት ቤት ጓደኛ ነው፤ በየክፍሉ አንደኛ እየወጣ ጋሼን ሁለተኛ ያደረገው፣ እስከ ዛሬ ስሙ ሲነሳ ጋሼ ቤቱን ጥሎ የሚወጣበት። ነገ ጠዋት እመጣለሁ ብሏታል። ይህንንም ለጋሼ ነገርኩት።

በማግስቱ ከሁሉም ቀድሞ ገብቶ ነበር። ልጅቷ ስትመጣ ሰላም እንኳ ሳይላት ላፕቶፑን አስከፈታትና ወንበሯ ላይ ተቀምጦ ያቺን አንዲት መስመር ጻፈ። ስሞቹ ከነአባታቸው ጥርት ብለው ወጡ።

"ጋሼ፣ ያውቁት ነበር ማለት ነው?"

"ደውለሽ አትምጣ በይው። ማን እንደሠራውም ንገሪው።"

ነገረችው። ጋሼንም በሰው ፊት አመሰገነችው፤ ለኔ ግን ቀስ ብላ ምቀኛ አታሳጣኝ ማለት ይሄኔ ነው አለችኝ። ደሜ ፈላ፤ ቀናተኛ ነው እንጂ ምቀኛ አይደለም አልኳት። እሱ እስከ ምሳ ሰዓት ደረቱን ነፍቶ ሲንጎራደድ ዋለ።

ከምሳ በኋላ ደጁ ጭር አለ። ሐኪሞቹም ሒሳብ ሹሙም ወደ እሷ ጠረጴዛ ሄዱ። ጋሼ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው፤ ማንም አልገባም። በመጨረሻ በውስጥ ስልክ ደወለልኝ።

"እስቲ የሆነ ነገር ጠይቂኝ" አለ።

ነገ ቀጠሮ ያላቸውን ታካሚዎች ስም ስጠኝ አልኩት። ስሞቹን ከሷ ተቀብዬ ፊቴ ዘርግቻቸው ነበር።