ወድቆ መነሳትን ያስተማርኩበት ቅዳሜ

አትሳቁብኝ እንጂ እኔ የስኬትቦርድ አሰልጣኝ ነበርኩ። ደብረ ማርቆስ ላይ፣ ያውም ይህን ሆዴን ይዤ! የተመረጥኩት የስፖርት መምህር ስለሆንኩ ብቻ ነው። አንድ በጎ አድራጊ ድርጅት ከግጭት ሸሽተው ለመጡ ልጆች ብሎ ስኬትቦርድ የሚባሉ ጎማ ያላቸው ሳንቃዎች በካርቶን ላከ፤ ከአዲስ አበባ የመጣ ፀጉሩ የተንጨባረረ ወጣትም ለጥቂት ቀናት አሰለጠነን። እሱ ሳንቃው ላይ ቆሞ ይንሳፈፋል፤ እኔ ግድግዳ ይዤ እቆማለሁ። ሲሄድ ሰርተፍኬት ሰጠኝ። አቤት ስኮራ! ፍሬም አስገብቼ ሳሎን ሰቀልኩት። ባለቤቴ ከሥሩ የሽንኩርት ቅርጫት ብታስቀምጥ ተጣላኋት።

ተፈናቃዮቹ የሰፈሩት ከከተማው ዳር ባለ አሮጌ የእህል መጋዘን ውስጥ ነበር። ግቢው ድሮ እህል ይሰጣበት የነበረ ሰፊ ሲሚንቶ አለው። ከዚያ የለሰለሰ ቦታ ቢኖር አስፋልቱ ነው፤ አስፋልቱን ደግሞ ባጃጅና ጋሪ ይዞታል። ከሰዓት በኋላ የእነሱን ልጆች ከሰፈሩ ልጆች ጋር ደባልቄ አሰለጥናለሁ። አሰለጥናለሁ ስል ፊሽካ እነፋለሁ ማለቴ ነው። "ጉልበት አጠፍ! ዓይን ወደፊት!" እያልኩ እጮሃለሁ፤ እኔ ራሴ ግን ልጆቹ ፊት ሳንቃ ላይ ወጥቼ አላውቅም። ፈሪነቴ የቆየ ነው። በልጅነቴም ደብረ ወርቅ ቆሎ ተማሪ ልሆን ሄጄ፣ ገና የመጀመሪያው ደጃፍ ላይ ውሻ ቢጮህብኝ ወደ እናቴ ተመልሻለሁ።

ያስቸገሩኝ መጋዘኑ ውስጥ የሰፈሩት ሴቶች ነበሩ። ሥራ ሲፈቱ ከግቢው ዳር ተቀምጠው ያያሉ። አንድ ልጅ ዱብ ባለ ቁጥር "እኔን! እኔን ይድፋኝ!" እያሉ ሁሉም ብድግ ነው። ያነሱታል፣ አቧራውን ያራግፉለታል፣ ያልተመታ ጉልበቱን ያሹለታል። ሊስቅ የነበረው ልጅም እሪ ይላል። በስልጠናው ላይ ደግሞ "ልጅ ራሱ ወድቆ ራሱ ይነሳ፤ በራስ መተማመን የሚመጣው ከዚያ ነው" ተብለናል። አንድ ቀን ደሜ ፈላና ፊሽካዬን ነፍቼ አወጅኩ።

"ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ግቢ ሰው ሲወድቅ 'እኔን' ያለ፣ ለማንሳት የተነሳ፣ ከመቀመጫው የተነቃነቀ ሁሉ ይወጣል!"

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። "ምን ያለው ጨካኝ ነው እቴ!" አለች አንዷ። ግን እሺ አሉ። እኔም ለጎጃም ሥልጣኔ ያመጣሁ መሰለኝ።

ከልጆቹ መሀል ዐሥራ ሁለት ዓመት ግድም የሚሆናት ልጅ ነበረች። እናትና አባቷ በግጭቱ ሞተውባት ከአክስቷ ጋር ነው የመጣችው። ስትወድቅ አታለቅስም። ሲጠሯት ቀስ ብላ "አቤት" ትላለች፤ ከዚያ ወዲያ ቃል አይወጣትም። ሳንቃው ላይ ስትወጣ ግን ፊቷ ይፈታል። አክስቷ የራሷን ልጆችም እሷንም የምታሳድረው በቀን ሥራ፣ ድንጋይ እየተሸከመች ነው። አንድ ቀን ነጠል አድርጋ አነጋገረችኝ።

"መምህር፣ ልጅቷን አዲስ አበባ ሰው ቤት ላስገባት ነው። ደላላዋ በሚመጣው ሳምንት ትወስዳታለች።"

"ኧረ ተይ! ገና ልጅ ናት እኮ። ትምህርት ቤት እናስመዝግባት" አልኳት።

"ምን ላድርግ ብለው ነው? የማበላት አጣሁ። ደግሞ ይች አንደበት የሌላት ልጅ ትምህርት ምን ያደርግላታል? ዝምተኛ ስለሆነች አሠሪ ይወዳታል አሉኝ።"

ከመስጠትሽ በፊት አንድ ጊዜ መጥተሽ ሳንቃው ላይ እያት ብዬ ለመንኳት። ቅዳሜ መጣች።

ልጅቷ ግቢውን ዙሪያውን ሄደችበት፤ ዞረች፤ ተመለሰች። አክስቷ ግን ፊቷ አልተፈታም። "ኧረ በስመ አብ! ብትሰበርብኝስ?" አለች። አርፌ ብቀመጥ ምን ነበረበት! ይኼ አፌ ግን መቼ ያርፋል።

"ምንም አትሰበርም። እንዲያውም እኔ ላሳይሽ!"

ከአንዱ ልጅ ሳንቃ ተቀብዬ ወጣሁ። ሳንቃው ሄደ። እኔ አልሄድኩም። ሲሚንቶው ላይ ስነጠፍ ክንዴ ቀጭ ሲል በጆሮዬ ሰማሁት።

ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ዓይናቸውን አፍጥጠዋል፤ አንዷም ንቅንቅ አላለችም። አውጄ የለ! አንዲት አሮጊትማ ሳቃቸውን ሲያፍኑ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። እኔ ብቻ እንደ ሕፃን "እኔን" የሚለኝ ሰው አማረኝ። እንዳልጣራ ደግሞ አፈርኩ።

ያቺ ዝምተኛ ልጅ ሳንቃዋን ጥላ እየሮጠች መጣች።

"ክንዳቸውን እንዳትነኩ!" ብላ ጮኸች። "አንተ፣ ሮጠህ ባጃጅ ጥራ! እናንተ ዞር በሉ፣ አየር አሳጣችኋቸው! አክስቴ፣ ነጠላሽን ስጪኝ!"

አክስቷ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ሰጠቻት። ልጅቷ ክንዴን ከደረቴ ጋር ጥፍር አድርጋ አሰረችው።

"ቀስ ብለው ይነሱ መምህር። አያልቅሱ" አለችኝ።

ለካ እያለቀስኩ ኖሯል።

ባጃጁ ሲመጣ "አክስቴ፣ አብረሻቸው ሂጂ" ስትላትም አክስቷ እሺ ብላ ባጃጁ ውስጥ አጠገቤ ገባች። ወደ ሐኪም ቤት ስንሄድ ወደ ግቢው ዞራ ዞራ አየች።

"ሸሽተን ስንመጣ ጫካውን ስናቋርጥም እንዲህ ነበረች" አለች። "እኔ ጉልበቴ ከድቶኝ ቁጭ አልኩ። ልጆቼን በየተራ እየጎተተች፣ እኔን 'ተነሺ!' እያለች ያወጣችን እሷ ናት። እዚህ ስንደርስ ዝም አለች። ድምፅዋ እዚያው ጫካ የቀረ መስሎኝ ነበር።"

ባጃጁ ጉድጓድ ውስጥ በገባ ቁጥር እጮሃለሁ፤ እሷ ግን አትሰማኝም። ነጠላዋ እኔ ላይ ስለታሰረ እንባዋን በመዳፏ ጠረገች።

"ይችን ልጅ ነው ለሰው ልሰጥ የነበረው? ኧረ የት አባቱ! ማን ነው ደግሞ እሷን የሚያዛት? የበላነውን ትበላለች። ሰኞ ጧት ሄደው ያስመዝግቡልኝ መምህር።"

"ክንዴ እኮ . . ." አልኩ እያቃሰትኩ።

"የሚሄዱት በእግርዎ አይደል?" አለችኝ።