በሩ ላይ የቆምኩ ዕለት

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ተመልሼ፣ ነጠላዬን እንኳ ሳላጥፍ፣ ልጄን ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ አገኘሁት። እኛ ያለንበት አቴንስ በዚህ ወር ሙቀቱ መስኮት አያስከፍትም፤ መጋረጃው ተዘግቶ የሚያበራው ቴሌቪዥኑ ብቻ ነበር። የሚታየው የአንድ ሩቅ አገር ምርጫ ነው። ሰዉ የሚመርጠው ትምህርት ቤት ውስጥ ሲሆን፣ በሩ ላይ ከባሕር ማዶ የመጣ ወታደር ጠመንጃውን ደረቱ ላይ አጋድሞ ቆሟል። ጦሩ ገብቶ ጨቋኙን ገዢ ካባረረ ዓመት አልሞላውም አለኝ ልጄ።

«ይኸው መረጡ። ያለ ጦር ይሄ ይመጣ ነበር? አንቺ ምን ትያለሽ እማዬ?»

ዓይኔ ወታደሩ ላይ ነበር። ገና ልጅ ነው፤ ደግ ነገር እየሠራ መሆኑን የማይጠራጠር ልጅ። ያን ፊት አውቀዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ሳምንቱን ሙሉ አንድ ቦታ አልቀመጥ ብያለሁ። ድስት ጥጄ እረሳለሁ፤ ጸሎቴን ጀምሬ የት እንዳደረስኩት ይጠፋኛል።

የቸሃ ልጅ ነኝ። አባቴ ወልቂጤ ጨርቅ ይነግድ ነበር። ጃንሆይ ገና በዙፋናቸው ሳሉ፣ ስምንተኛ ክፍል ስደርስ፣ ቡታጅራ ያገባችው አክስቴ ዘንድ ላከኝ። መስቀልን ከቤተሰብ ጋር ውዬ፣ በእምድብር አድርገን ተራራውን ለመሻገር ሁለት ቀን ፈጀብን። ከላይ አረቅጥ ላይ ብርዱ ጥርሴን አንገጫገጨው፤ ቁልቁል ስንወርድ ግን አየሩ እየሞቀ መጣና ቡታጅራ መግቢያ ላይ ያስነጥሰኝ ጀመር። ለካ በርበሬ ነው። በየደጁ ቀይ በርበሬ ተሰጥቶ ከተማው በሙሉ ይሰነፍጣል። ዛሬም እዚህ ከአገር ቤት የመጣ በርበሬ ስከፍት፣ ከወጡ ይልቅ ቀድሞ የሚታወሰኝ ያ ክፍላችን ነው።

የክፍላችን አለቃ በመምህር የተሾመ የአንድ ሹም ዘመድ ነበር። ሥራው መምህር በሌለ ጊዜ የረባሾችን ስም ሰሌዳ ላይ መጻፍ ነው። ቆሎ ያቀበለው ሲያብድ ቢውል አይጻፍም፤ ያላቀበለው ጸጥ ቢልም ይጻፋል፤ የተጻፈ ደግሞ ይገረፋል። እኔ አማርኛዬ ላይ ስለሚስቁብኝ አፌን የማልከፍት ልጅ፣ በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ በመረበሽ ተገርፌያለሁ።

ስለዚህ ደስታ የሚባል በዕድሜ የሚበልጠን ልጅ «አለቃችንን ራሳችን እንምረጥ» ብሎ ሲነሣ ከልቤ ተከተልኩት። ዴሞክራሲ የሚለውን ቃል መጀመሪያ የሰማሁት ከሱ አፍ ነው። የክፍላችን ኃላፊ መምህር ከሰሜን የመጡ ቁጡ ሰው ነበሩ። ብዙ ከተለመኑ በኋላ የዓርብን የምሳ ሰዓት ሰጡን። በዕለቱ ከመጣው ተማሪ አንድ እንኳ ሳይመርጥ ቢወጣ ግን ምርጫው አይጸናም፣ የነበረው አለቃ ይቀጥላል ብለው ሄዱ።

ዓርብ ሲደርስ ደስታ የተሰበረ የወንበር እግር በእጄ አስይዞ በሩ ላይ አቆመኝ። ለምን እኔን እንደመረጠ ስጠይቀው ሳቀ።

«ወንድ ባቆም ገፍተውት ይወጣሉ። ሴት ልጅን ማን ደፍሮ ይነካል?»

እውነት ለመናገር ኮራሁ። በዚያ ክፍል ውስጥ አንድ ሰው ለአንድ ነገር ሲፈልገኝ የመጀመሪያዬ ነበር።

ለሙስሊሞቹ ልጆች ከጁምዓ በፊት እንደሚለቃቸው ደስታ ቃል ሰጥቶ ነበር። ግን የሁለቱም ተወዳዳሪ፣ የነበረው አለቃና የደስታ፣ ንግግር ረዘመ፤ የደስታ ደግሞ ባሰ። ወረቀት የሚታደለው ንግግሩ ሲያልቅ ነው። ምሳዬ፣ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለው ቆጮና ጎመን፣ ዴስኩ ላይ ቀረ። ልጆቹ የፀሐዩን ጥላ በመስኮት እያዩ እግራቸውን ያወዛውዛሉ። በዚህ መሃል ሸምሱ የሚባለው የዚያው አገር የመስቃን ልጅ ተነሥቶ ወደ በሩ መጣ።

«ብርነሽ፣ ልውጣ። አያቴ አርፋለች። ከጁምዓ በኋላ ይቀብሯታል።»

ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ።

«ያቺን አያትህን ባለፈው ወር የሒሳብ ፈተና ዕለት ቀብረናት አልነበር እንዴ?» አለው ደስታ። «ማን ቆፍሮ አወጣት?»

ሸምሱ አልሳቀም። «ያኔ ዋሽቻለሁ፤ ዛሬ አልዋሸሁም። ከጁምዓ በፊት ትለቁናላችሁ ብዬ ነው የቆየሁት። ድምፄን ብርነሽ ትያዝልኝ፣ ለፈለጋችሁት ትስጥልኝ፤ ልሂድ ብቻ።»

«ድምፅ በሰው እጅ አይሰጥም» አለ ደስታ፤ አሁን መሳቁን ትቷል። «የተነሣነውስ ለዚሁ አይደል?»

ልክ ነበር። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ አንዱ ነገር እሱ ነው፤ ደስታ ልክ ነበር። ሌላው ደግሞ እኔ ያየሁት ነው። በዕረፍት ሰዓት፣ ነጭ ቆብ ያደረጉ ሽማግሌ በቅሏቸውን ይዘው ከባሕር ዛፉ አጥር ጋ ሸምሱን ሲያነጋግሩት አይቻለሁ። ልጁ አጥሩን ይዞ ቀስ ብሎ መሬት ላይ ሲቀመጥም አይቻለሁ። ሸምሱ እንዳልዋሸ ከዚያ ሁሉ ልጅ የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ሰውዬውን አይቻቸዋለሁ ለማለት አንድ ትንፋሽ ይበቃኝ ነበር። ግን አንድ ሰው ከወጣ ነገሩ ሁሉ ይፈርሳል፣ ሰኞ ደግሞ ስሜ ሰሌዳ ላይ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ዱላውንም በበሩ ላይ አጋደምኩት።

ሸምሱ አንድ እርምጃ ቀርቦ ቆመ። በአንድ ራስ ይበልጠኛል። እንዳይነካኝ ሁለት እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ነበር።

«እህቴ፣ በአላህ ይዤሻለሁ» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩ። እሱም ተመልሶ ተቀመጠ።

ሁሉም ወረቀቱን ሣጥኑ ውስጥ ከጨመረ በኋላ በሩ ተከፈተ፤ ሸምሱ ሲሮጥ አየሁት። ወረቀቶቹን እንዳነብ የተመረጥኩት እኔ ነኝ። ደስታ፣ ደስታ፣ የቀድሞው አለቃ፣ ደስታ። ከዚያ በእርሳስ በጥንቃቄ የተጻፈ አንድ ወረቀት ወጣ። እኔም እንደ ሌሎቹ ድምፄን ከፍ አድርጌ «አያቴ ዘይነባ» ብዬ አነበብኩት። ልጆቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ደስታ ወረቀቱን ተቀብሎ፣ የተበላሸ ነው፣ ግን መርጧልና ቁጥሩ ሙሉ ነው አለ። በሦስት ድምፅ ብልጫ አሸነፈ።

ሰኞ ከአክስቴ ጋር ለቅሶ ደረስን። ከከተማው የአንድ ሰዓት መንገድ ነው፤ በበርበሬ ማሳ መካከል ስንሄድ አክስቴ ምን ሆነሽ ነው ወደ ኋላ የምትቀሪው ትለኛለች። ነጭ ቆብ ያደረጉት ሽማግሌ፣ የሸምሱ አጎት፣ ተነሥተው ተቀበሉን። ያሳደገችው እሷ ስለነበረች ልጁን ጠብቀን ጠብቀን፣ ፀሐዩ ሲያይል ጊዜ ቀበርናት አሏት ለአክስቴ። ማንንም አልወቀሱም። ሸምሱ ውሃ ሲያቀርብልኝ ጠብቄ፣ ለምን ገፍተኸኝ አልሄድክም አልኩት።

«ወንድ ብትሆኚ ገፍቼሽ እሄድ ነበር» አለኝ።

የቀረውን ባልናገር እግዚአብሔርን መዋሸት ይሆንብኛል። ደስታ ደግ አለቃ ሆነ። ከማንም ቆሎ አልተቀበለም፤ በዚያ ዓመት አልተገረፍኩም። በሚቀጥለው ምርጫ በሩ ክፍት ነበር፤ ደስታ ተሸነፈና ያለ ቅሬታ ለቀቀ። ሸምሱ ግን በዚያ በሁለተኛው ምርጫ ዕለት ጀርባውን ሰጥቶን ባሕር ዛፉ ሥር ተቀምጦ ዋለ። መምረጣችን ያለ እኔ ዱላ ይጀመር ነበር? ስንት ዘመን አሰብኩት፤ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው የልጅነት ነገር ነው ብለው ስግደት አዘዙኝ። ሰገድኩ። አልለቀቀኝም።

ትናንት ለልጄ ሁሉንም ነገርኩት። አገርና ክፍል አንድ አይደለም እማዬ አለኝ። አይደለም። በክፍላችን ሳይደረስበት የቀረው አንድ ቀብር ነው፤ አገር ውስጥ ስንት እንደሆነ የሚያነብልኝ የለም። ምርጫው ደግ ነው። እኔ ግን በሩ ላይ ላለው ልጅ አበጀህ የምልበት አፍ የለኝም አልኩት።

ዛሬ እሑድ ነው። ቤተ ክርስቲያን የሙታን ስም ሲነሣ እኔም እንደ ልማዴ በልቤ ዘይነባ አልኩ። የእኛ ሃይማኖት አይደለችም፤ ለካህኑ የምሰጠው ስም አይደለም። ያን ዕለት ያነበብኩትን ስም ሳልስቅ እንደገና ማንበቤ ነው።