የአቶ ገብረሊባኖስ የሲጋራ ሽኝት

ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሲጋራ የሚያጨሱ ሰዎች አሉ፤ ሲጋራ ያቆሙም አሉ። ሲጋራ ለማቆም በመዘጋጀት ስም ያተረፉት ግን አቶ ገብረሊባኖስ ብቻ ናቸው። ዝግጅታቸው ልጃቸው ቅሳነት ማርገዟን ከተናገረችበት ሰሞን ጀምሮ እስከ ወለደችበት ዕለት ድረስ ሳይታጎል ተካሂዷል። ማጨሱም እንደዚያው።

የዕድሜያቸውን እኩሌታ በችሎት ጸሐፊነት አገልግለው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ቀጥ ያለ አከርካሪ፣ በጥንቃቄ የተከረከመ ጢም፣ ስለ ሰው ልጅ ደግሞ እጅግ ዝቅተኛ ግምት አላቸው። ማንኛውም ጉዳይ፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧም ቢሆን፣ በእርሳቸው ዘንድ መጀመሪያ ቀጠሮ ይያዝለታል፤ ቀጠሮው ሲደርስ ለተጨማሪ ማጣሪያ ይተላለፋል። መሥሪያ ቤታቸው በዚህ አይከሰስም፤ ይህን ጠባይ ይዘውት ገቡ እንጂ እዚያ አልተማሩትም። ጡረታ ሲወጡ የሚያስተላልፉት የሰው ጉዳይ ስላለቀባቸው የራሳቸውን ማስተላለፍ ጀመሩ።

ቅሳነት ነገሩን ያነሣችው እሑድ ምሳ ላይ ነበር። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። የአባቷን ጠባይ ስለምታውቅ አጭር አድርጋ ተናገረች።

«አባዬ፣ ጭስ ባለበት ቤት አራስ ሆኜ አልተኛም። እስክወልድ ካቆምክ እዚህ እገባለሁ። ካላቆምክ የሂርጳ እናት አብነት ሰፈር ቤታቸው ክፍል አዘጋጅተውልኛል።»

ሂርጳ ባሏ ነው። እናቱ ወይዘሮ ፋዮ ይባላሉ፤ አቶ ገብረሊባኖስ ስለ እኚህ ሴት የሚያስቡትን ጨዋ ሰው በጽሑፍ አያሰፍረውም። የመጀመሪያ ልጇን የወለደችን ሴት የምታርሳት የገዛ እናቷ ናት። አማት ቤት ከታረሰች ጎረቤት ሁሉ ምክንያቱን ይጠይቃል፤ እዚህ ቤት ምክንያቱ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ኣሰፋሽ የገንፎ ገብሳቸውን አስፈጭተው፣ ቅቤያቸውን አንጥረው፣ አልጋውን ከመስኮት አርቀው ጨርሰዋል።

«ጉዳዩን በጥሞና አጥንቼ ውሳኔ እሰጥበታለሁ» አሉ አቶ ገብረሊባኖስ።

«አንተ ሰውዬ፣ ሲጋራ እኮ ነው» አሉ ወይዘሮ ኣሰፋሽ፣ «የድንበር ክርክር አይደለም።»

እርሳቸው ግን ሰው ያለ ዝግጅት ምንም ነገር ማቆም የለበትም ብለው ያምናሉ። የዝግጅቱም የመጀመሪያ ምዕራፍ ለሕዝብ ማሳወቅ ሆነ። በዚያው ሳምንት ለጥበቃው፣ ለባለሱቁ፣ በደረጃ ላይ ላገኙት ሁሉ ሊያቆሙ መሆናቸውን ነገሩ። የሆነው ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው፤ በዚህ ሰፈር ሰው ውኃ ቢጠፋበት የሚደርስለት ላይገኝ ይችላል፣ ምክር እንደሚያስፈልገው ከተሰማ ግን ደረጃው በሰው ይጨናነቃል።

ቀድሞ የደረሰው ኦልጅራ ነው። የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሲሆን ቀድሞ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሹፌር ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሲጋራ አቁሟል፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ቁም ነገር የሠራ አይመስልም። የብሎኩ የውኃ መግፊያ ሞተር ከክረምት ጀምሮ ተበላሽቶ ተቀምጧል፤ ሰብሳቢው የሚያወራው ስለ ሳንባው ነው።

«ጋሼ፣ እኔን ይዩኝ» አለ በረንዳው ላይ ተቀምጦ።

አቶ ገብረሊባኖስ አዩት። ሲጋራው ከሄደ በኋላ የመጣውን ሆድ ከላይ እስከ ታች ተመለከቱ።

«ጠዋት ስነሣ ሳንባዬ ሲከፈት ይሰማኛል» አለ ኦልጅራ።

«አፍህ ሲከፈት ደግሞ እኔ እዚህ ሆኜ ይሰማኛል» አሉ አቶ ገብረሊባኖስና ሲጋራ ለኮሱ። እንዲህ ያለውን ሰው ያለ ጭስ ማዳመጥ ከአቅማቸው በላይ ነበር።

ሁለተኛው አበረታች ሦስተኛ ፎቅ የሚኖረው ፍሰሐ ነው፤ ሥራው አነቃቂ ንግግር ማድረግና ንግግሩን በቪዲዮ ቀርጾ መልቀቅ ነው። በአባት ዕድሜ የሚበልጡትን ሰው ገና ከበሩ «አንተ ከሲጋራህ ትበልጣለህ» አላቸው። አቶ ገብረሊባኖስን ያስቆጣቸው ሲጋራው ሳይሆን አንተታው ነው። ፍሰሐ ግን ክፉ ልጅ አይደለም፤ በአነቃቂ ንግግር ውስጥ «እርስዎ» የሚባል ሰው ስለሌለ ነው። «ማይንድሴትህን ቀይር» ሲላቸው ሁለተኛ ሲጋራ ለኮሱ።

ባለሱቁ ዓብዱልሰላም በበኩሉ ለኮሚቴው ቃል ስለገባ ሲጋራ አልሸጥልዎትም ብሎ በምትኩ ማስቲካ ይመርቅላቸው ጀመር። በዚህ ምክንያት አቶ ገብረሊባኖስ በየቀኑ እስከ ሜክሲኮ በእግራቸው ሄደው እዚያ የሚያውቃቸው በሌለበት ኪዮስክ ደንበኛ ሆኑ። ኦልጅራ ማልደው ሲራመዱ አይቶ እጅግ ተደሰተ። «ስፖርት ጀምረዋል» ብሎ ለብሎኩ ሁሉ ተናገረ። አበረታቾቹ መፋቂያ፣ ከረሜላና ቆሎ ይዘው ይመጣሉ፤ እርሳቸው በረንዳ ላይ ይቀበሏቸዋል፣ ይንቋቸዋል፣ ያጨሳሉ። ዝግጅቱ በገፋ ቁጥር መተርኮሻው ቶሎ ቶሎ ይሞላ ጀመር። ወይዘሮ ኣሰፋሽ እያነሡ ይደፉታል፤ የመጋረጃውን ጠርዝም በጣታቸው እየነኩ ያሸትቱታል።

ሽኝቱን ያመጣው ኦልጅራ ነው። በነበረበት መሥሪያ ቤት የተዛወረ ሁሉ ይሸኝ ነበር፦ ለስላሳ፣ ዳቦ፣ የአለቃ ንግግር፣ በመጨረሻም የግድግዳ ሰዓት። «ለሰው የምናደርገውን ለሲጋራ ብናደርገው ምን ይለናል» አለ፤ «ጋሼ በሰው ፊት ካሰናበቱት ተመልሰው አያነሡትም።» ሐሳቡ እንደ ጋብቻ ቀላልና እንደዚያው አደገኛ ነበር። አቶ ገብረሊባኖስ ናቁት። ከዚያ ግን ንግግር የሚያደርጉት እርሳቸው መሆናቸውን ሲሰሙ ንቀታቸው ጥቂት ለዘብ አለ። ዋናው ደስታቸው ደግሞ ሽኝት ቀጠሮ ያለው ነገር መሆኑ ነው። እስከዚያ ድረስ ማጨሱ ሕጋዊ ሆነ።

የመጀመሪያው እሑድ ሰፈር ውስጥ ለቅሶ ስለነበር የእድሩ ወንበር አልተገኘም። ሁለተኛው እሑድ ፍሰሐ ሥልጠና ነበረው። ቅሳነት ወሯ ገባ።

«እኔ ምጥ እንደዚህ ሲተላለፍ አይቼ አላውቅም» አሉ ወይዘሮ ኣሰፋሽ።

በሦስተኛው እሑድ ኮሚናል የሚባለው የነዋሪው የጋራ ቤት ተጠርጎ፣ ወንበር ተደርድሮ፣ በበሩ ላይ ትልቅ ባነር ተሰቀለ። ሞተር ለማሠራት ጊዜ ያጣው ኮሚቴ ይህን ሁሉ በሁለት ቀን አዘጋጀ። ባነሩ ላይ የአቶ ገብረሊባኖስ ፎቶግራፍ በጥቁር ፍሬም ተከቦ ስለታተመ፣ ከባቡሩ ወርዳ የምታልፍ አንዲት ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቀብሩ የት እንደሚፈጸም ጠየቀች።

ወይዘሮ ኣሰፋሽ አልነበሩም። ጠዋት በር ላይ ቆመው «ቅሳነት ወገቤን አመመኝ ትላለች፤ ሄጃለሁ፤ አንተስ?» ብለዋቸው ነበር። አቶ ገብረሊባኖስ ለአፍታ አመነቱ። ነገር ግን ሰው ተጠርቷል፤ ንግግሩም አራት ጊዜ ተሻሽሏል። «የወገብ ሕመም ምጥ አይደለም» ብለው እንደ ሐኪም ደመደሙና ከረባታቸውን አሰሩ።

ፍሰሐ ቀረጻው እንዳይረበሽ ስልክ ሁሉ እንዲዘጋ አዘዘ። ኦልጅራ ስለ ሳንባው ተናገረ። ፍሰሐ ተናገረ። ከዚያ አቶ ገብረሊባኖስ ተነሥተው ከትምባሆ ጋር የተዋወቁበትን ዘመን፣ የችሎቱን ኮሪደር፣ አብረዋቸው ያጨሱ የነበሩትንና ዛሬ በሕይወት የሌሉትን ዳኞች አንድ በአንድ አነሡ። መሐል ላይ እንባቸው ወረደ። ሕዝቡ አጨበጨበ። እንዲህ ሆነው የሚናገሩለት ነገር በሕይወታቸው ሌላ አልነበረም፤ ለሠርጋቸው እንኳ «አመሰግናለሁ» ብለው ነው የተቀመጡት። የግድግዳ ሰዓቱ ተሰጣቸው።

ቀጥሎ ፍሰሐ የመጨረሻዋን ሲጋራ በካሜራ ፊት ለኩሰው በእግራቸው እንዲረግጧት ጠየቀ። ለኮሱ፤ ረገጡ። የክፍሉ ብርሃን አልተመቸም ተባለ። ሌላ የመጨረሻ ሲጋራ ለኮሱ። ድምፁ አልገባም ተባለ። ኦልጅራ ከጎናቸው ቆሞ ጭሱን ዓይኑን ጨፍኖ ሲስብ ያየው አቶ ገብረሊባኖስ ብቻ ናቸው፤ በዚህም እጅግ ናቁት። ቀረጻው ሲሳካ ፓኬቱ ባዶ ሆኗል፤ ፀሐይም አዘቅዝቃለች።

ስልካቸውን ሲከፍቱ የባለቤታቸው ጥሪ ተደርድሮ ጠበቃቸው። ደወሉ።

«ወልዳለች» አሉ ወይዘሮ ኣሰፋሽ። «ሴት ናት። ሁለቱም ደኅና ናቸው።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። መጣሁ።»

«ቆይ። አቁመሃል?»

«ሽኝቱ በደመቀ ሁኔታ ተካሂዷል።»

«ሲጋራውን ነው የጠየቅኩህ።»

«ከነገ ጀምሮ በይፋ።»

በወይዘሮ ኣሰፋሽ ድምፅ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቢኖር ይሻል ነበር። «ነገ ከሆስፒታል ስንወጣ አብነት ነው የምንገባው። ገብሱን ሂርጳ መጥቶ ይወስደዋል። እኔም እዚያው ነኝ።»

አቶ ገብረሊባኖስ የገዛ የልጅ ልጃቸውን እንደማንኛውም ጠያቂ፣ የሙዝ ከረጢት አንጠልጥለው፣ የአብነትን ጠባብ መንገድ እየጠየቁ ሄደው አዩ። አዩ ማለት እንኳ ማጋነን ነው። ወይዘሮ ፋዮ በሩ ላይ ተቀብለው ጨብጠዋቸው፣ አፍንጫቸውን በጨዋነት ወደ ጎን መለስ አደረጉ።

«አቶ ገብረሊባኖስ፣ ጭሱን ትንሽ አየር ይውሰድልዎ፤ ለሕፃኗ ነው እንጂ ለእኛስ ምን አለበት» አሉና ወንበር ከውጭ፣ ከግድግዳው ሥር አወጡላቸው። ገንፎውም እዚያው መጣላቸው። በጥሩ ቅቤ የተሠራ ነበር፤ ይህም በጣም አናደዳቸው።

የበሩ መጋረጃ ነፋስ ሲያነሣው የአልጋው ጫፍና አንዲት ሮዝ ብርድ ልብስ ይታዩ ነበር።

«አባዬ፣ ቪዲዮውን አየሁት» አለች ቅሳነት ከውስጥ። «አልቅሰሃል።»

«ጭስ ዓይኔ ገብቶ ነው።»

«እዚህ ተመችቶኛል» አለች ቅሳነት። «እስከ ክርስትናዋ እዚሁ እቆያለሁ። አንተ ተረጋግተህ ተዘጋጅ።»

ዕድሜ ልካቸውን ቀጠሮ ሲረዝም ደስ የሚላቸው ሰው ይህን ሲሰሙ ማንኪያው ከእጃቸው ወደቀ። ወይዘሮ ፋዮን ለመናቅ ሞከሩ፤ ሴትየዋ ማንኪያውን አንሥተው፣ ሌላ አምጥተው ገቡ። ኦልጅራን አሰቡ፤ ፍሰሐን አሰቡ። ሁለቱም የመጡት እርሳቸው ለሰፈሩ ሁሉ ስላወሩ ነው። ከዚያ በኋላ የሚናቅ የቀረ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እርሱም ውጭ ተቀምጦ ገንፎ ይበላ ነበር።

በእግራቸው ተመለሱ። ኪስ ውስጥ የነበረውን አዲስ ፓኬት ተክለ ሃይማኖት ሳይደርሱ አንድ የቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ጣሉት፤ ማንም እንዳላየ ዞር ብለው አረጋገጡ። ኦልጅራ ከብሎኩ በር ላይ ይጠብቃቸው ነበር።

«ጋሼ፣ እንዴት ነው፣ ጸንተዋል?»

አቶ ገብረሊባኖስ አንድ ቃል «አዎ» ካሉ በረንዳው እንደገና በአበረታች እንደሚሞላ፣ በረንዳው ከሞላ ደግሞ እንደሚያጨሱ በአንድ ጊዜ ታያቸው።

«አልጸናሁም» አሉ። «ጠዋት አጭሻለሁ። አሁንም ላጨስ ነው የምገባው።»

«ያን ሁሉ ሰው ጠርተን?»

«አዎ።»

«ሰዓት ተሰጥቶዎት?»

«ከፈለግህ ና ውሰደው።»

ኦልጅራ ራሱን ነቀነቀና ሄደ። ወሬው ከእርሳቸው ቀድሞ ፎቅ ወጣ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ደረጃ ላይ ሰላምታው ቀዘቀዘ፤ ምክርም ቀረ። ዓብዱልሰላም እንኳ ተስፋ ቆርጦ ማስቲካውን በገንዘብ ይሸጥላቸው ጀመር። በተዘጋው ቤት ውስጥ አቶ ገብረሊባኖስ ብቻቸውን እንደ ታመመ ሰው ተወራጩ፣ ሳሉ፣ ከሬዲዮው ጋር ተጣሉ፣ መፋቂያ አኝከው ጨረሱ። እጃቸው ሥራ ሲያጣ መጋረጃውን ሁሉ አውርደው አጠቡ፤ ማጠብ ስለማያውቁ ውኃው ቡናማ ሆኖ ሲወጣ ቀለሙን ያስለቀቁት መስሏቸው ደነገጡ። ግድግዳውንም በጨርቅ ፈተጉ። ከታች ያለፈች ጎረቤት «ሚስቱ ጥላው ሄዳ መጋረጃ ያጥባል፤ እሱ ግን ያጨሳል» ስትል በጆሯቸው ሰሙ። መስኮቱን ዘጉ።

ወይዘሮ ኣሰፋሽ አንድ ከሰዓት ቅቤ ሊወስዱ ሳይነግሯቸው መጡ። በሩ ላይ ቆመው አየሩን ሳቡ። ገብተው ትራሱን አሸተቱ፤ ቁም ሣጥኑን ከፍተው የኮቱን እጅጌ አሸተቱ። ባላቸው ወንበር ላይ እንደ ተከሳሽ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል።

«ልጅቷን ምን ልበላት?» አሉ ወይዘሮ ኣሰፋሽ።

«ምንም አትበያት። ትምጣና እሷው ታሽት።»

ቅሳነት ከክርስትናው አስቀድማ መጣች። ሂርጳ ዕቃውን ከታክሲው ሲያወርድ ኦልጅራ ከኮሚቴው ሰዎች ጋር በሩ ላይ ቆሞ ነበር። አቶ ገብረሊባኖስ ሕፃኗን ታቅፈው፣ ደረጃውን አንድ በአንድ በጥንቃቄ እየረገጡ ሲወጡ አይቶ ወደ ወይዘሮ ኣሰፋሽ ጠጋ አለ።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ለሚያጨስ ሰው ሕፃን ማስታቀፍ ልክ ነው?»

ወይዘሮ ኣሰፋሽ ቀና ብለው ባላቸውን ተመለከቱ። አቶ ገብረሊባኖስ ደረጃው መሐል ቆመው፣ በሕፃኗ ራስ ላይ አሻግረው፣ ቅንድባቸውን ብቻ ከፍ አድርገው ለመኗቸው።

«ምን ይደረግ ኦልጅራ» አሉ ወይዘሮ ኣሰፋሽ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ «የሰው ምክር የሚሰማ ሰው አይደለም።»