በአሲያ ስም የተማለ መሐላ

ዓሪፍ ከመርሳ ወልዲያ ሚኒባስ ሲነዳ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ሲያጨስም እንደዚያው። መሪውንና ሲጋራውን በአንድ ቀን የጀመረ ሰው አንዱን ብቻ ተው ሲሉት ቀላል ይሆንለታል? የእህቱ ልጅ ነኢማ የጤና ተማሪ ናትና ማጨስ የሚያስተው መተግበሪያ ስልኩ ላይ ጫነችለት። "አጎቴ፣ አምሮቱ ሲመጣብዎ ይችን ይንኩና አሥር ደቂቃ ይታገሡ። እንደ ጎርፍ ነው፤ መጥቶ ያልፋል" አለችው።

መተግበሪያዋ ደግ ናት። ምን ሲያይ እንዳማረው ትጠይቀዋለች፣ ትመዘግብለታለች። ችግሩ ዓሪፍ ነው። በጀመረ በሳምንቱ ጉራው ተነሥቶበት ሽማግሌዎች ፊት፣ "ዳግም ካጨስኩ አሲያ ትፈታ!" ብሎ ማለ። አሲያ የአሥራ ስምንት ዓመት ሚስቱ ናት። ያን ሰዓት መናኸሪያው በር ላይ ማንጎዋን ትሸጥ ነበርና አልሰማችም። ሰው ለገዛ ጉሮሮው ጣጣ ሚስቱን ያስይዛል? ይኸው አስያዘ።

ስልኩ ላይ፣ "አምሮቱ ሲጸናብዎ አጠገብዎ ማን አለ?" የሚል ጥያቄ ነበር። ባዶውን ተወው። የአሲያን ስም ከጻፈ በአምሮቱ ሰዓት ሊጠራት፣ መሐላውንም ሊነግራት ነው፤ ያን ደግሞ ፈራ።

ማጨስ ባቆመ በሃያ ሦስተኛው ቀን ሲሪንቃ ላይ ጎማ ፈነዳበት። ተሳፋሪው ሲጮኽበት፣ እሱም ሲጮኽ፣ መርሳ ሲገባ ተራው አልፎታል። ጓደኛው በላይ እንደ ወትሮው ለኩሶ ሁለት ጊዜ ከሳበ በኋላ አቀበለው። ሾፌሮቹ አንዷን ተቀባብለው ነው የሚያጨሱት፤ የዓሪፍ እጅም ዓሪፍን ሳያስፈቅድ ተቀበለ።

በሌላው እጁ ስልኩን ነካ። አሥሩ ደቂቃ መቁጠር ጀመረ፤ ከሥሩም፣ "ቢሳሳቱ እንኳ ሁሉም አበቃ ማለት አይደለም" የሚል ጽሑፍ መጣ። ለሌላው ሰው አላበቃም ይሆናል፤ ለእሱ አንድ ሳብ ማለት ትዳሩ መፍረሱ ነው። ጭሱ አፍንጫው ሥር እየተንከባለለ አሲያ ወዳለችበት ወደ መናኸሪያው በር ሮጠ።

"አሲያ፣ ያዥልኝ!"

ሲጋራውን ቀምታው በጫማዋ ረገጠችው። "ምን ሆነሃል?"

ዓይኑን ሳያነሣ ሁሉንም ነገራት። እጇ ማንጎው ላይ ቀረ።

"ለሲጋራ እኔን?" አለች። "በሬ የሚያስይዝ ሰው እንኳ ቤቱን ያማክራል፣ ዓሪፍ።"

አፈረ፤ አምሮቱ ግን እፍረት አያውቅም። ዓይኑ ወደ ተረገጠችው ሲጋራ ሲሄድ አየችው።

ስልኩን ከእጁ ነጠቀችና ባዶ ሳጥን በእግሯ ገፋችለት። "ተቀመጥ። አሥሯ ደቂቃ እስክትሞላ ምንም አልልህም። ስትሞላ ግን፣ ወላሂ፣ ነኢማ የጫነችልህ ነገርም አያስጥልህም!"

ተቀመጠ። ጀርባዋን ሰጥታው ማንጎዋን መደርደር ቀጠለች።

"አራት ደቂቃ ቀረህ" አለችው ቆይታ፣ ፊቷን ሳታዞር። ድምፅዋ በእንባ ታፍኗል።